ነሐሱ እንዳይበርድ

ሙ ጂንግሹ በመጻፊያ ክፍሉ ወለል ላይ ተደፍቶ በተገኘበት ጠዋት፣ ሊያለቅሱለት ከመጡት ሦስት ወዳጆቹ ሁለቱ ገና ከበር ሳያልፉ «ማጨሻውስ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁ። የሟቹ ራስ ቅል መድቀቁን የሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። ሦስተኛው ወዳጅ ግን ምንም አልጠየቀም። እጆቹን በሰፊው እጅጌው ውስጥ ከትቶ በዝምታ ቆመ፤ በዚህም ምክንያት ከሦስቱ ሰው የሚመስለው እሱ ብቻ ነበር።

የሱጆው ከተማ ዳኛ ፌይ ይህን ሁሉ ከደጃፉ ቆሞ አየ። ፌይ ቀጭን፣ ፊቱ እንደ ደረቀ ቆዳ የተጨማደደ ሰው ነው። የሐብሐብ ፍሬ በጥርሱ እየፈለቀቀ ካልሆነ ማሰብ አይሆንለትም፤ ቅርፊቱንም ባገኘበት ይተፋል። የከተማው ሊቃውንት በዚህ ጠባዩ ይንቁታል። እሱም ይንቃቸዋል፤ ልዩነቱ የእሱ ንቀት በማስረጃ የተደገፈ መሆኑ ነው።

«ገዳይዋ ተይዛለች ጌታዬ» አለ የዘቦቹ አለቃ ማ፤ በግቢው ውስጥ እጆቿን ታስራ ወደ ተቀመጠች ሴት በአገጩ እያመለከተ። «የሟቹ ሚስት ናት፣ ሊያን። ትናንት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ጀልባውም ከቤቱ ጀርባ ቦዩ ላይ ተዘጋጅቷል።»

ጀልባው ወደ ክፍለ ሀገሩ ችሎት የሚሄድ ነው። ባሏን በመግደል ተከሳ እዚያ የደረሰች ሴት በሕይወት ተመልሳ አታውቅም፤ ቅጣቱም በአንድ የሰይፍ ምት የሚያልቅ አይደለም።

«ጀልባው ይጠብቅ» አለ ፌይ። «እኔ ሳልቸኩል እሱን ምን አስቸኮለው?»

ወደ ክፍሉ ገባ። አስከሬኑ በወንበሩና በጠረጴዛው መካከል ወድቋል፤ የተመታው ከኋላው ነው። መምቻውን ለመፈለግ መድከም አላስፈለገም። ከባዱ የቀለም መበጥበጫ ድንጋይ ደም እንደ ነካው ወለሉ ላይ ተጥሏል። የድንጋዩ ቦታ የጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ነበር፤ ለዓመታት ተቀምጦበት የኖረው አራት ማዕዘን ምልክት በእንጨቱ ላይ ታትሞ ይታያል። በሟቹ መቀመጫ አጠገብ ግን፣ ብዙ እጅ ሳይዘረጋ የሚደረስበት፣ ሰው ለመግደል ከድንጋዩ የማያንስ ሌላ ነገር ነበር። እሱም መዓዛማ እንጨት የሚታጠንበት የነሐሱ ማጨሻ ነው።

በሁለት መዳፍ የሚታቀፍ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ሁለት ጆሮ ያለው፣ ቀለሙ የበሰለ ቁርቁራ የሚመስል ዕቃ ነው። በዙሪያው ጠረጴዛው በደም ፍንጣቂ ተዥጎርጉሯል። ማጨሻው ክዳን የለውም፤ አፉ ወደ ላይ እንደ ተከፈተ ነው። ሆኖም በነሐሱ ላይም ሆነ ሆዱን በሞላው ነጭ አመድ ላይ አንዲት የደም ነጥብ የለችም። አመዱ በስሱ ተደልድሎ፣ መሐሉ እንደ ትንሽ ኮረብታ ከፍ ብሎ፣ አናቱ ላይ ስስ የብር ቅጠል ተነጥፎበታል።

ፌይ መዳፉን በነሐሱ ሆድ ላይ አሳረፈ። ይሞቃል።

«ከጠዋት ጀምሮ ይህን የነካ ሰው አለ?»

«ማን ይደፍራል ጌታዬ?» አለ ማ። «አሽከሮቹ እንኳ አቧራውን የሚጠርጉት ትንፋሻቸውን ይዘው ነው።»

ፌይ ከእጅጌው ቀጭን የዝሆን ጥርስ ዘንግ አውጥቶ አመዱን በቀስታ ገላለጠ። ከነጩ አመድ ሥር ጥቁር፣ ተጣብቆ የደረቀ ጓል አገኘ። ከጓሉ አጠገብ ደግሞ እሳቱ ነበር። ከሰሉ ከሞላ ጎደል አልቋል፤ ቅርጹ ግን አልፈረሰም። ቀላ ያለ፣ ባለ አምስት ቅጠል የአበባ ቅርጽ ነው። ፌይ ጥቂት ተመለከተና አመዱን መልሶ ሸፈነው። ከዚያም አንድ የሐብሐብ ፍሬ አፉ ውስጥ ጣለ።

ሟቹና ሦስቱ ወዳጆቹ የንጹሕ መዓዛ ማኅበር አባላት ናቸው። ጭስ አይወዱም፤ ጭስ የባለጌ ነው ይላሉ። ከሰሉን በአመድ ያዳፍናሉ፣ የብሩን ቅጠል ያነጥፋሉ፣ የመዓዛማውን እንጨት ስንጥር በላዩ አኑረው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ነሐሱም ወዙን የሚያወጣው ሌትና ቀን ሲሞቅ ነው ብለው ያምናሉ፤ አንዴ ከበረደ የዓመታት ድካም ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ልጃቸው ሲያለቅስ የማይነቁ ሰዎች፣ ከሰል ለመጨመር ከእንቅልፋቸው ይነሣሉ።

ፌይ ማጨሻውን ወደ እንግዳ መቀበያው አስወስዶ ከፊቱ አኖረው። መጀመሪያ ሴቲቱን አስጠራ።

ሊያን ገና ወጣት ናት። ገመዱ እጇን ቢያቆስለውም አንገቷን አልደፋችም።

«ባልሽን ገድለሽዋል?»

«ብዙ ጊዜ ተመኝቼ ነበር፤ አላደረግሁትም።»

«ይህ አነጋገር አይጠቅምሽም።»

«ውሸትም አልጠቀመኝም ጌታዬ። ሲድሩኝ ‹ሊቅ ነው› ብለው ነው የዳሩኝ።»

ፌይ ቅርፊቱን ተፋ። «የትናንቱ ጭቅጭቅ ስለ ምን ነበር?»

«ስለ ከሰል።»

«ስለ ከሰል?»

«እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ የከሰሉ ሣጥን ባዶ ሆኖ አገኘው። ‹እኔ ካልነገርኩሽ አታዪም? የመጨረሻዋ ልትከስም ነው፤ ነሐሱ ሊበርድ ነው!› ብሎ ቤቱን አናወጠው። ከሰል የሚሠራለት ሰው የሚመጣው ዛሬ ነው። ‹እስከዚያ ከምድጃ ልዝገንልህ?› ብለው ጭራሽ አበደ። የምድጃ ከሰል ለሱ ስድብ ነው። እኔም አፌ አላረፈም።»

«ምን አልሽው?»

«‹ነሐስ ቢበርድ ሰው አይሞትም› አልኩት። ከዚያ ‹ይሄ ድስት መቃብርህ ይሁን› ብዬ ወጣሁ። ጎረቤት የሰማው የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ጎረቤት ሁልጊዜ የሚሰማው የመጨረሻዋን ነው።»

«ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ አልገባሽም?»

«ሲያኮርፍ በሩን ዘግቶ እዚያው ነው የሚያድረው። ጠዋት ሾርባ ይዤለት ስገባ ነው ያየሁት።»

«የአትክልቱ በር ይቆለፋል?»

«ለማኅበሩ ሰዎች ክፍት ነው። ለእናቴ ነው የሚቆለፈው።»

ፌይ ወደ ማጨሻው አመለከተ። «እሳቱ ሊከስም ይመስላል። እስቲ አስተካክዪው።»

ሊያን ሳቀች፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ ነበር። «እኔ? ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ሰሞን አንዱን የጠቆረ ዕቃ አይቼ አዘንኩለት። በአሸዋና በሸክላ ዱቄት ፈግፍጌ፣ ፈግፍጌ፣ እንደ ወርቅ አብለጨለጭኩት። ባሌ እናቱ የሞተችበት ይመስል የሐዘን ነጭ ለብሶ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱንም ነክቼ አላውቅም። ይክሰም። እኔንም ያከሰመኝ እሱ ነው።»

ሁለተኛው ፓን የተባለው ባለቅኔ ነበር። በከተማው ሁሉ መዓዛ ለይቶ በማወቅ የተመሰገነ ነው፤ ስለ ሽታ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ከመቀመጡ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ማጨሻው አጎነበሰና አየሩን በአፍንጫው ሳበ።

«እህ!» አለ። «የደቡብ ደሴቶች እንጨት። ያረጀ፣ ሐዘን ያለበት መዓዛ። ምስኪን ሙ!»

በብሩ ቅጠል ላይ እየተቃጠለ የነበረው ፌይ ቀደም ብሎ ያስቀመጠው የሐብሐብ ቅርፊት ነው።

«ትናንት ማኅበሩ እዚህ ሲሰበሰብ ስለዚህ ዕቃ ምን ፈረዱ፣ መምህር ፓን?»

«ውሸት ነው አልኩ።»

«ለምን?»

«የማኅበራችን አዋቂ ክቡር ኦውያንግ ውሸት ነው ስላሉ።»

«እውነተኛ ነው ቢሉስ ኖሮ?»

ፓን እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለ። «ታዲያ እውነተኛ ይሆን ነበራ!»

ፌይ እሳቱን እንዲያስተካክል ጠየቀው። ባለቅኔው እጅጌውን ሰብስቦ አመዱን በጣቱ ቆፈረና እፍ አለበት። አመዱ ተነሥቶ ቅንድቡ ላይ፣ ጺሙ ላይ፣ አዲሱ ካባው ላይ ሰፈረ። ሲያስል ቆየና፣ ቤቱ ይህን የሚሠራለት አሽከር እንዳለ በክብር አስረዳ።

ሦስተኛው ዶው የተባለው የጥንት ዕቃ ነጋዴ ነው። ማጨሻውን ለሙ የሸጠለት እሱ ነበር። ክብ ፊት፣ የሚቅለሰለስ ወገብ፣ ሁሉን የሚመዝን ዓይን አለው።

«በጥንቱ በሚንግ ነገሥታት ዘመን የተሠራ፣ ምንም እንከን የሌለው!» አለ፣ ሳይጠየቅ። «ሥሩ ላይ ያለውን ማኅተም ይዩልኝ ክቡር ዳኛ።» ማጨሻውን በአንድ ጆሮው ይዞ አንጠለጠለና ገለበጠው። ግማሹ አመድ ፈሰሰ።

ፌይ አመዱን አየ፤ ከዚያ የነጋዴውን እጅ አየ። «ልጅ አለህ ዶው?»

«ሁለት አሉኝ፣ ጌታዬ።»

«የምታነሣቸው በጆሯቸው ነው?»

ዶው ቶሎ ብሎ ዕቃውን አስቀመጠ።

«እንግዲህ ስማኝ» አለ ፌይ። «ሙን የገደለው ሰው ይህን ዕቃ የሚሳሳለት ሰው ነው። እንዴት እንዳወቅሁ አሁን አልነግርህም። ትናንት ከተሰበሰቡት ውስጥ ዕቃው እውነተኛ ነው ብሎ የማለ ከሟቹ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አንተ ነህ። ጀልባው ሁለት ሰው ይይዛል።»

የነጋዴው ፊት እንደ ሩዝ ነጣ። በጉልበቱ እየዳኸ መጥቶ በዳኛው ጆሮ የሆነ ነገር አንሾካሾከ። ፌይ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ፣ ዘቦቹ እያዩት፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«ማን ያውቃል ይህን?»

«እኔና የሠራው ሰው ብቻ። አባቴ ይሙት!»

«አባትህማ ሞቷል። ውጣ፣ ግን ከግቢው እንዳትርቅ።»

በመጨረሻ በጠዋቱ ምንም ያልጠየቀው ሰው ገባ። ኦውያንግ ዴሩን በዋና ከተማው ትልቅ ሹመት ላይ ኖሮ በጡረታ የተመለሰ ነው። በሱጆው ውስጥ እውነተኛ የሚንግ ማጨሻ ያለው በእሱ ቤት ብቻ ነው ይባላል፤ ይህንም የሚለው ከሁሉ አብልጦ ራሱ ነው። እንግዶች ከሩቅ አገር ማጨሻውን ለማየት ይመጣሉ። ማየት እንጂ መንካት አይፈቀድላቸውም።

«አሳዛኝ ቀን ነው ክቡር ዳኛ። ዝቅተኛ ቤተሰብ ያላትን ሴት አታግባ ብዬው ነበር።»

«ስለ ሴቲቱ ኋላ እንነጋገራለን። ይህ ዕቃ ውሸት ነው ይላሉ?»

ኦውያንግ ማጨሻውን ሳያይ ከንፈሩን አጣመመ። «ዓይን ላለው ሰው ጥያቄ አይደለም። የእውነተኛ ነሐስ ወዝ ከውስጥ ነው የሚወጣው። ይሄ በሆምጣጤ ተጠብሶ ከላይ የተቀባ ነው። የሻይ ቤት ዘፋኝ ይመስል ተኳኩሏል። ሙ ምስኪኑ ዓይን አልነበረውም።»

ፌይ ፍሬ ፈልቅቆ ቅርፊቱን ወደ ማጨሻው ተፋ። ቅርፊቱ አመዱ ላይ ከማረፉ በፊት የኦውያንግ እጅጌ የማጨሻውን አፍ ሸፍኖት ነበር። ሁለቱም ሰዎች እጅጌው ላይ የተቀመጠውን ቅርፊት ተመለከቱ።

«ልማድ ነው» አለ ኦውያንግ፣ እጁን ቀስ ብሎ እየሰበሰበ።

«ጥሩ ልማድ ነው» አለ ፌይ። «እኔ ግን ራሴን አሞኛል። የዚህ ቤት ከሰል ጭሱ አይጣል ነው።»

«እርግጥ ነው። ሙ ከማንም ነበር የሚገዛው፤ ድቡልቡል የከተማ ከሰል።» ኦውያንግ ከመቀነቱ የሐር ከረጢት ፈትቶ አንድ ቁራጭ በሁለት ጣቱ አወጣ። ቀላ ያለ፣ ባለ አምስት ቅጠል የአበባ ቅርጽ ነበር። «በቁርቁራ ፍሬና በቅጠል ጭማቂ የተለወሰ ነው። ቢያልቅ እንኳ ቅርጹ አይፈርስም። ቅርጽ ማውጫው ከእኔ ቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ከሰሉንም ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ፓን ለዓመታት ለምኖኛል። ለእርስዎ ግን...»

«ይህን ያህል ያከብሩኛል?»

«ሹመቱን አከብራለሁ» አለ ኦውያንግ። ሊወጣ ተነሥቶ በሩ አጠገብ ሲደርስ ትንሽ ቆመ። «አንድ ልመና አለኝ። ሴቲቱ ከተፈረደባት የሙ ዕቃ ሁሉ ይበተናል። ይህን ከንቱ ድስት ለወዳጄ መታሰቢያ ብወስደው? ማንም አይፈልገውም።»

«አስብበታለሁ» አለ ፌይ። በእርግጥም አሰበበት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በእንግዳ መቀበያው ተሰበሰቡ። ሦስቱ ሊቃውንት በወንበር፣ ሊያን በወለሉ ላይ ተቀመጡ። ማጨሻው በመሐል ጠረጴዛ ላይ ነበር። አጠገቡ የዘቦቹ አለቃ ማ አንድ ገንዳ እርጥብ አሸዋ፣ የሸክላ ዱቄትና አንድ ማሰሮ ሆምጣጤ አኑሮ እጅጌውን ጠቅልሎ ቆሟል።

«ጀልባው መሄድ አለበት» አለ ፌይ። «ከተከሳሽ ጋር ማስረጃውም ይላካል። ነገር ግን በቆሸሸ ዕቃ የክፍለ ሀገሩን ችሎት ማሳፈር አልወድም። ክቡር ኦውያንግ ከንቱ ነው ብለው ስለፈረዱ የሚጎዳ ነገር የለም። ማ፣ እንደ ወርቅ እስኪያብለጨልጭ ፈግፍገው።»

ፓን ወደ ኦውያንግ አየ፤ ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንዳለበት ለማወቅ። ዶው ጣሪያውን አየ። ማ አንድ እፍኝ አሸዋ ዘግኖ እጁን ወደ ነሐሱ ሰደደ።

«እንዳትነካው!»

ኦውያንግ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። ማንም ሳይደርስበት ማጨሻውን በሁለት መዳፉ ከሥሩ አቅፎ፣ የፈሰሰው አመድ ካባውን እያነጣው፣ ደረቱ ላይ አስጠጋው። ገና ያልበረደው ነሐስ እጁን ቢለበልበውም አልለቀቀውም።

«ይቀመጡ ክቡርነትዎ» አለ ፌይ። «ይዘውት ይቀመጡ። ታሪኩ ረጅም አይደለም።»

ፍሬ ፈለቀቀ። ቅርፊቱን ግን በዚህ ጊዜ በጨዋ ወግ መዳፉ ውስጥ ተፋው።

«የተናደደ ሰው በቅርቡ ያገኘውን ያነሣል። በሙ አጠገብ የነበረው ማጨሻው ነው። ገዳዩ ግን እሱን አልፎ፣ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቶ ድንጋዩን አነሣ። የሰው ራስ ለመፍለጥ ጊዜ ሳያባክን፣ ነሐሱ እንዳይጫር ግን ጊዜ ወሰደ። ‹ይህ ምን ዓይነት ሰው ነው?› አልኩ። ከዚያ ደሙን አየሁ። ጠረጴዛው ሁሉ ተረጭቷል፤ ክዳን በሌለው ማጨሻ አመድ ላይ ግን ምንም የለም። ደም ደግሞ የሚንግ ዕቃ አክብሮ መንገድ አይለውጥም። አመዱን ስገልጠው ደሙ ከሥር ደርቆ ተገኘ። ሙ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው ነሐሱን ወልውሏል፣ አመዱን ገልብጧል፣ እሳት ጨምሯል፣ መልሶ ደልድሎ አዳፍኗል።»

«አስከሬኑ እዚያው ወድቆ?» አለ ፓን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳያይ።

«እዚያው ወድቆ። ምናልባት ተራምዶት ይሆናል። ታዲያ ይህን ያደረገው ማን ነው? ሊያን ነሐስ የምታውቀው በአሸዋ ነው። መምህር ፓን አመድ ከመደልደል ቢበላው ይቀለዋል፤ አፍንጫውም ከሐብሐብ ቅርፊት ጋር ፍቅር ይዞታል።» ፓን አፍንጫውን ዳሰሰ። «ዶው ደግሞ ዕቃውን በጆሮው ያንጠለጥላል፤ ለመሞቁ የማይጨነቅበትም ሌላ ምክንያት አለው፤ እመጣበታለሁ። አሁን እሳቱ። ባልና ሚስት የተጣሉት ከሰል አልቆ ነው። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ በዚህ ቤት አንዲት የማጨሻ ከሰል አልነበረችም። ጠዋት ያገኘሁት እሳት ታዲያ ከውጭ መጣ ማለት ነው።»

ከእጅጌው ሁለት ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረ። አንደኛው ኦውያንግ የሰጠው ከሰል ነው። ሁለተኛው ከአመዱ የወጣው፣ ተቃጥሎ ያለቀ፣ ቅርጹ ግን ያልፈረሰ አበባ።

«‹ቢያልቅ እንኳ ቅርጹ አይፈርስም› አሉኝ። እውነት ነው፤ አልፈረሰም። ጠዋት እነዚህ ሁለቱ ‹ማጨሻውስ ደህና ነው?› ሲሉ እርስዎ ዝም አሉ። እኔ ሞኙ፣ ‹ለሰው የሚያዝን አንድ ሰው ተገኘ› ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ደህና መሆኑን ስለሚያውቁ ነው ያልጠየቁት።»

ኦውያንግ ማጨሻውን እንዳቀፈ ነበር። ሲናገር ድምፁ የሚያፍር ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የተበደለ ሰው ድምፅ ነው።

«በአትክልቱ በር ተመልሼ ስጠኝ አልኩት። ትናንት ሲያመጣው ገና ከሩቅ ነው ያወቅሁት። እንዲህ ያለ ወዝ በዕድሜዬ አላየሁም። ለሙ አይገባም ነበር። ውሸት ነው ያልኩት ጠልቶት እንዲሰጠኝ ነው። እሱ ግን ሳቀብኝ። ‹ውሸት ለሆነ ዕቃ ምን አንከራተተህ? ነገ በማኅበሩ ፊት ተንበርክከህ የእኔ እውነተኛ፣ ያንተ ውሸት መሆኑን ተናገር፤ ከዚያ እንነጋገራለን› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።»

«ከዚያ?»

«ከዚያማ... እሳቱ ሊከስም ነበር። ነሐሱ መብረድ ጀምሮ ነበር። እንዴት ትቼው እሄዳለሁ?»

«ሰውየውስ?»

ኦውያንግ ቀና አለ። ጥያቄው በእውነት አልገባውም።

«የቱ ሰው?» አለ።

ሊያን ፊቷን አዞረች።

«ዶው» አለ ፌይ፣ «በጆሮዬ ያልከውን አሁን በአፍህ በል።»

ነጋዴው ጉልበቱን እያሻሸ ተነሣ። «ጌቶቼ... ባለፈው ክረምት ነው የቀለጠው። ከሾርባ ቤቱ ጀርባ ያለው አንጥረኛ ነው የሠራልኝ። ከአሮጌ የበር ቀለበትና ከአንድ ከተቀደደ የእግር መታጠቢያ። ወዙ የቁርቁራ ጭማቂና የአሳማ ስብ ነው።»

ፓን ሳቅ አመለጠውና አፉን በእጅጌው አፈነ።

«ክቡር ኦውያንግ» አለ ፌይ፣ «በማኅበሩ ፊት የሰጡት ፍርድ አንድም ስሕተት የለበትም። ሆምጣጤው ካልሆነ በቀር። በዕድሜዎ ስለ ነሐስ እውነት የተናገሩት ሊዋሹ ባሰቡበት ቀን ብቻ ነው።»

ኦውያንግ ማጨሻውን ገልብጦ ሥሩን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ደጋግሞ ዳበሰው። ሰው ገድሎ ያልተለወጠው ፊት አሁን ቀስ በቀስ ፈረሰ። ከዚያ በድንገት ወደ ነጋዴው ዞረ።

«የእኔስ? የቤቴ ማጨሻስ? ያንን የሸጠልኝ...»

«አባቴ ነው» አለ ዶው፣ ወደ ወለሉ እያየ።

«አባትህ እውነተኛ ሰው ነበር!»

ዶው ወለሉን ማየቱን ቀጠለ።

«ውሰደው» አለ ፌይ ለዘቦቹ አለቃ። ለኦውያንግም አሁን አንቱታውን አወለቀለት። «ጀልባው አንተን ሲጠብቅ ነው የዋለው። ዕቃውን አስቀምጥ፤ የሟች ሚስት ንብረት ነው።»

ከጣቶቹ ለማስለቀቅ ሁለት ዘቦች አስፈለጉ። ፓን ወደ ደጃፉ ሸኘውና፣ ጀልባው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ ያ የአበባ ቅርጽ ማውጫ አሁን ለማን እንደሚሆን በትሕትና ጠየቀው።

የሊያን ገመድ ተፈታ። እጇን ስታሻሽ ቆይታ ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና ማጨሻውን ቁልቁል ተመለከተችው።

«ጌታዬ፣ አሁን ባጥበው የሚያለቅስ አለ?»

ፌይ አካባቢውን በጥንቃቄ ቃኘ። «የለም። አሸዋውም እዚያው አለልሽ።»

ሊያን ማጨሻውን በአንድ ጆሮው አንጠልጥላ ወደ ቦዩ ወረደች። አመዱን ውኃው ላይ ደፋችው፤ ነጭ ሆኖ ጀልባው በሄደበት አቅጣጫ ተንሳፈፈ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ሰብስባ መፈግፈግ ጀመረች። የቁርቁራው ቀለም እየተላጠ ወረደ፣ የአሳማው ስብ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ፣ ከሥሩ ቢጫው ብረት ፀሐይ መታውና አብለጨለጨ። ውስጡን ውኃ ሞልታ አለቀለቀችው።

ነሐሱ በረደ። ማንም አልሞተም።